300 ሰው፣ 26,376 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፦ የሉትሰልኬ ሰዎች ስሌት ያዋጣል?

የበረዶ ሾፌር (የሎውናይፍ) ክሩን ከፈተ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ አንድ ሰው «የካናዳ ሰሜን ባዶ ነው፤ ማዕድኑን አውጥተው መብላት ሲችሉ ለምን አጥር ያጥራሉ?» ብሎ ጽፎ ነበር። መልስ ልሰጠው ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ለብቻው አወጣሁት። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛ መመለስ የፈለገ 7 ወይም 8 ይቀንስ።

የምኖረው በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ዋና ከተማ በየሎውናይፍ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ከታክሲው በፊት በአንድ የአልማዝ ማዕድን ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሥራ፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት፤ መመላለሻው አውሮፕላን። አብሮኝ ዕቃ ያጥብ የነበረ አንድ የዴኔ ሰው ነበር፤ ዴኔ የዚህ አካባቢ ነባር ሕዝብ ነው። አንድ ሌሊት ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና «ቅመስ» አለኝ። ቋንጣ ነው። በርበሬ የለው፣ ጨው የለው፣ ግን ቋንጣ! ስስ ሆኖ ተዘልዝሎ በጭስ የደረቀ ሥጋ። እናቴ ከጓዳው ጣሪያ ሥር በዘረጋችው ገመድ ላይ ስትሰቅል ታየችኝ። «የምን ሥጋ ነው?» ብለው «የካሪቡ። አያቴ ይህን የበላችው እንደ ዳቦ ነበር፤ እኔ እንደ ቁርባን እየቆረስኩ ነው» አለኝ። (ቁርባን ያለው እርሱ ራሱ ነው፤ ብዙዎቹ ካቶሊኮች ናቸው።) ካሪቡ ማለት መንጋው በመቶ ሺዎች እየሆነ በየዓመቱ የሚሰደድ የሰሜን አጋዘን ነው።

ሰውየው የሉትሰልኬ ልጅ ነው። ሉትሰልኬ በግሬት ስሌቭ ሐይቅ ምሥራቃዊ ክንድ ዳር ያለች፣ 300 ሰው ገደማ የሚኖርባት መንደር ናት። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። በአውሮፕላን ይገባል፤ ሐይቁ ሲቀልጥ በጀልባ፣ ሲረጋ በበረዶ ሞተር። ሐይቁ በዚያ በኩል 614 ሜትር ይጠልቃል፤ በሰሜን አሜሪካ ከእርሱ የጠለቀ የለም። የመብራታቸው ኃይል የናፍጣ ጄኔሬተር ነው።

እነዚህ ሰዎች በ1900 በፎርት ሬዞሉሽን የ8ኛውን ውል ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ከፈረሙት መካከል ናቸው። ውሉን እነርሱ የሚረዱት «አብረን በሰላም እንኑር» ብለው ነው፤ መንግሥት ደግሞ መሬቱን የተረከበበት ወረቀት አድርጎ ያነበው ነበር። ስለዚህ በ1969 የመንግሥት ሰዎች መሬታችሁን ብሔራዊ ፓርክ እናድርገው ብለው ሲመጡ አለቃቸው ፒየር ካቶሊክ አልፈርምም አለ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ «አንድ አለቃ ብቻውን ከብዙ የመንግሥት ሰዎች ጋር ዳግመኛ አይቀመጥም» ማለቱ እስከ ዛሬ ይወሳል። ለዴኔ አለቆች በአንድነት መቆም አንዱ መነሻ ይህ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በ1991 ከመንደሩ በስተሰሜን በላክ ደ ግራ አካባቢ አልማዝ ተገኘ። ኤካቲ በ1998፣ ዳያቪክ በ2003፣ ጋቾ ኩዌ በ2016 ማምረት ጀመሩ። ያን ጊዜ «ፓርክ አንፈልግም» ያሉት ሰዎች፣ የማዕድን ፈላጊ ካስማ በየኮረብታው ሲተከል አይተው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው ተነሥተው የመንግሥትን በር አንኳኩ። «የፓርኩን ነገር መልሰን እንነጋገርበት፤ ግን በእኛ መንገድ» አሉ። ድርድሩ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። በየካቲት 2019 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ 88 በመቶው ደገፈ፤ በነሐሴ ተፈረመ። ታይዴኔ ኔኔ ይባላል፤ የአባቶች ምድር ማለት ነው። 26,376 ስኩዌር ኪሎ ሜትር።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ 300 ሰው ይህን ያህል ምድር በመጠበቅ ሊኖር ይችላል? ወይስ የኋላ ኋላ ሁሉም ወደ ማዕድኑ ወጥ ቤት ይሄዳል?

---

ሒሳብ አዋቂ (ካልጋሪ)

ጋሽ ሾፌር፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ቋንጣውን ትቼ ቁጥሩን ልያዝ።

ለዚህ ጥበቃ የተቋቋመው ቋሚ ፈንድ 30 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው፤ 15ቱን የፌዴራል መንግሥት ሰጠ፣ 15ቱን ሕዝቡ ከለጋሾች ሰበሰበ። የእንዲህ ያለ ፈንድ ሥርዓቱ ዋናውን ሳይነኩ ትርፉን መብላት ነው። በ4 በመቶ ቢያስቡት በዓመት 1.2 ሚሊዮን ይወጣል። ለአንድ ሰው 60,000 ቢከፈል 20 ደመወዝ ነው። ቤንዚን፣ ጀልባ፣ የበረዶ ሞተር፣ የራዲዮ መሣሪያ ሳይቆጠር! የዋጋ ንረቱን ለመሸሽ ከትርፉ ጥቂት ወደ ዋናው ቢመለስ ደግሞ 15 ደመወዝ በሉት።

15 ደመወዝ ለ300 ሰው መንደር ቀላል አይደለም፤ አልክድም። ኢኮኖሚ ነው ብለን ግን አንታለል። የምድር ጠባቂ ከመሆን የማዕድን ከባድ መኪና መንዳት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይከፍላል።

---

ዘሪሁን ዘ አዋሳ

26,376 ሲካፈል ለ300፣ ለአንድ ሰው ወደ 88 ስኩዌር ኪሎ ሜትር። እኔ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ከተመዘገብኩ ስንት ዓመቴ መሰላችሁ።

---

ወለተ መንዝ

ሒሳብ አዋቂ፣ ወንድሜ፣ ስሌትህ የጎደለው ከመደመር ላይ አይደለም። ደመወዝ ያልሆነውን ከዜሮ ቆጠርከው።

እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። የመንዝ ጓሳን የማያውቅ ካለ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ነው፤ ከታይዴኔ ኔኔ ጋር ሲነጻጸር የመሐረብ ያህል ነው። ነገር ግን አራት መቶ ዓመት ገደማ በሕዝብ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። (የቅርብ ጊዜውን ቄሮ አላልኩም፤ ክሩን ወደዚያ የሚጎትት ሰው አወያዩን አያስቸግር።) የአስቦና የጌራ ዘሮች የጋራ ርስት ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ጓሳው ይዘጋል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ማጭድ አያገባበትም፣ ከብት አያሰማራበትም። ሲከፈት ሁሉም በልኩ ያጭዳል። ከሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለእረኛ ገሳ ይሠራል። በተዘጋ ጊዜ ሰርቆ ያጨደ ሰው ቤቱን በዚያ ሣር ከድኖ ከተገኘ ይቃጠልበት ነበር ሲባል ከአያቴ ሰምቻለሁ።

አያቴ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብትባል ዜሮ ነው የምትለው። ጣሪያዋ ግን ከጓሳ ነበር፤ አልጋዋ የታሰረበት ገመድም ከጓሳ ነው። ይህን በየትኛው ዓምድ ትጽፈዋለህ?

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ መሬቱ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የአባ ቄራ ሥልጣን በአንድ ቀን ተነነ። የሁሉም የሆነው ጓሳ የማንም ያልሆነ መሰለ፤ ማጭድ ይዞ የወጣው ብዙ ነበር። ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ዳግመኛ ያዘው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ። ስለዚህ የሉትሰልኬን ነገር ስሰማ ከገንዘቡ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

---

የሰሜን ተራራ ልጅ (ደባርቅ)

እኅቴ ወለተ መንዝ የምጠይቀውን ጠየቀች። እኔ ፓርክ የሚለውን ቃል ስሰማ ፒየር ካቶሊክን ነው የምሆነው፤ አልፈርምም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ነው ተብሎ በሌላ መዝገብ ገባ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ዋልያው በመትረፉ ደስ ብሎኛል። ግን ከዚያ ከጭብጨባው አንድ ዓመት በፊት ግጭ የምትባል መንደር ከፓርኩ ወጥታ ደባርቅ ዳር ሰፈረች። ሲመጡ አይቻለሁ። ካሳ ተሰጥቷቸዋል፤ ቤትም ሠርተዋል። ትልልቆቹ ሰዎች ግን ጠዋት ተነሥተው ከአስፋልቱ ዳር ይቆሙና ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ይገባቸው ነበር። ገብሱ የለ፣ በጉ የለ።

ግጭ ላይ ግጦሹ ከልክ አልፎ ነበር፤ እውነት ነው፤ ሣሩ አልቆ ነበር። መፍትሔው ምን መሆን ነበረበት ብትሉኝ አላውቅም። ብቻ የሉትሰልኬ ሰዎች ከመሬታቸው ሳይነሡ እንዴት ፓርክ ሊሆን ቻለ? ጋሽ ሾፌር ይህን ይንገሩን።

---

የበረዶ ሾፌር

ደህና ጠየቅህ። ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፓርክ አይደለም። 14,070 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ በፌዴራል መንግሥቱ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የቀረው በግዛቲቱ ሕግ የተጠበቀ መሬትና የዱር አራዊት ጥብቅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሉትሰልኬ ራሷ በራሷ ሥርዓት የአባቶች ምድር ብላ አውጃዋለች። ሦስት ካርታ ተደራርቦ አስቡት።

ሁለተኛ፣ ዴኔዎቹ ያድናሉ፣ ያጠምዳሉ፣ ዓሣ ያወጣሉ፣ ጎጆ ይሠራሉ። ፓርክ ሆነ ተብሎ የተነሣ ሰው የለም። እንዲያውም አደኑና ኑሮው የምድሩ ጤንነት አካል ነው ተብሎ ነው የተጻፈው።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው። ስለ ታይዴኔ ኔኔ የሚናገሩ ሰዎች ማለት የሆነ ስም ያለው የጋራ ቦርድ አለ፤ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ይወስናል። መንግሥት ብቻውን አይወስንም፤ መንደሩም ብቻውን አይወስንም። ይህንን ለማግኘት ነው ያ ሁሉ ዓመት የፈጀው፤ ገንዘቡ ቀላሉ ነበር። ዋናው ተደራዳሪያቸው ስቲቨን ኒታ ቀድሞ የመንደሩ አለቃና የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው፤ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ ያውቃል።

ሁሉንም አገኙ አልልህም። መጀመሪያ ለጥናት የተያዘው መሬት ወደ 33,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። ማዕድን ይገኝበታል የተባለው የሰሜኑ ክፍል ከድንበሩ ውጪ ቀረ። ካሪቡው ደግሞ ካርታ አያነብም፤ የሚያልፈው በዚያ ነው።

---

ድንጋይ ቆጣሪ

ይቅርታ፣ እዚህ መድረክ ላይ ለማዕድን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ጂኦሎጂስት ነኝ፤ በካናዳ ሰሜን ሁለት የበጋ ወራት በፍለጋ ሥራ አሳልፌያለሁ፤ ትንኙ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

አልማዝ ከወርቅ ይለያል። ኪምበርላይት የሚባለው ድንጋይ ከጥልቅ መሬት እንደ ካሮት ቅርጽ ወደ ላይ የወጣ ነው። ይፈጫል፣ በክብደት ይለያል፣ በኤክስሬይ አልማዙ ይለቀማል። ወርቅ የሚለይበት ሳያናይድ የሚባለው መርዝ የለም፤ የሚቃጠል ማዕድን የለም። ዳያቪክ ሐይቁ ውስጥ ግድብ ሠርቶ ውኃውን ቀድቶ ከሥሩ ቆፈረ፤ ሥራው ሲያበቃ ውኃው እንዲመለስ ነው ዕቅዱ። ስለዚህ እባካችሁ ጃይንትን ከኤካቲ ጋር በአንድ ከረጢት አታድርጉ።

የካሪቡ ነገርም እንዲሁ በማዕድን ብቻ አይሳበብ። የአየር ንብረቱ ተለውጧል፣ ሰደድ እሳት የክረምት መኖውን አቃጥሏል፣ ተኩላ አለ፣ አደን አለ፣ መንጋው በተፈጥሮውም ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ያለው ሕዝብ 45,000 ገደማ ነው። ያለ አልማዝ ያ ሁሉ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በምን ይተዳደራል? በዓሣ ማጥመጃ ሎጅ?

---

ወለተ መንዝ

ጃይንት ምንድን ነው?

---

የበረዶ ሾፌር

እኔ ልመልስ፤ በታክሲ በየቀኑ በአጠገቡ ስለማልፍ።

ጃይንት ከየሎውናይፍ ዳር ያለ የወርቅ ማዕድን ነበር፤ ከ1948 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሠርቷል። ወርቁ ከአርሴኒክ ጋር ተጣብቆ የተፈጠረ ስለሆነ ድንጋዩን ያቃጥሉት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭሱ እንዲሁ ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር፤ ሰማዩም በበረዶው ላይ መልሶ ያወርደው ነበር። የዴኔ ቤተሰቦች ይጠጡ የነበረው ያንን በረዶ አቅልጠው ነው። በ1951 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። ለቤተሰቡ 750 ዶላር ተሰጠ።

ኋላ አቧራውን ሰብስበው ከመሬት በታች አከማቹት፤ 237,000 ቶን አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ። ኩባንያው በ1999 ከሰረ፤ መርዙ ለመንግሥት ቀረ። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? መሬቱን አቀዝቅዞ መርዙን በበረዶ መቆለፍ፤ ለዘለዓለም። የጽዳቱ ወጪ በ2022 የተገመተው 4.38 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሒሳብ አዋቂ፣ ይህንን ከ30 ሚሊዮኑ ጎን አስቀምጠው።

ድንጋይ ቆጣሪ እውነቱን ነው፤ አልማዝ እንዲህ አይደለም። ግን የሉትሰልኬ ሽማግሌ ኩባንያ መጥቶ «እናጸዳዋለን» ሲለው የሚያስበው ጃይንትን ነው። የተቃጠለ ሰው ነዋ።

---

ሒሳብ አዋቂ

አስቀመጥኩት። 146 እጥፍ።

ግን ፍርዱ ከዚህ አይወጣም፤ ምክንያቱም የጃይንት ወርቅ ያስገኘውንም መቁጠር አለብን፤ ያ ደግሞ ለማን ነው የገባው? ለዴኔዎቹ አይደለም፤ ይህንን እቀበላለሁ።

---

ድንጋይ ቆጣሪ

አዎ፣ ይህንን እኔም እቀበላለሁ። የተለወጠው ነገር ግን ይህ ነው፦ ከኤካቲ ወዲህ ማንኛውም ኩባንያ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋር የተፅዕኖና የጥቅም ስምምነት ሳይፈራረም አይጀምርም። ሥራ፣ ሥልጠና፣ የኮንትራት ቅድሚያ፣ በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ። ለመልሶ ማጽዳቱም ኩባንያው አስቀድሞ ዋስትና ያስይዛል። የሉትሰልኬ የልማት ኩባንያ ዴኔሶሊን ለማዕድኖቹ አገልግሎት እያቀረበ ነው ያደገው። የጥበቃው አንዱ እግር በአልማዝ ላይ ነው የቆመው፤ ይህን ደብቆ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን አላወቀውም።

---

የበረዶ ሾፌር

አልደበቅሁም እኮ! እኔና ጓደኛዬ የተዋወቅነው ማዕድን ውስጥ መሆኑን በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ተናግሬያለሁ። እርሱ በአልማዙ ደመወዝ ነው ጀልባ የገዛው። በዚያች ጀልባ ነው ልጆቹን ወደ አያቶቹ የዓሣ ቦታ የሚወስደው። ይህንን ሲነግረኝ እንደ ቅራኔ አልተናገረውም።

ቅራኔው የት ላይ መሰለህ? ካሪቡው ላይ ነው። የባተርስት መንጋ በ1980ዎቹ አጋማሽ 470,000 ያህል ነበር። በ2021 በአውሮፕላን ሲቆጠር 6,240 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትክክል ነህ። ነገር ግን ካሪቡዎች ከኤካቲና ከዳያቪክ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ድረስ አካባቢውን እንደሚሸሹ አጥኚዎች መዝግበዋል። ፍንዳታው፣ አቧራው፣ መንገዱ። ከ2015 ጀምሮ መንጋው ባለበት ቦታ አደን ተከልክሏል። ዴኔውም ጭምር። አንተ ደመወዝህን ይዘህ ወደ ካልጋሪ ትሄዳለህ፣ እኔ ታክሲዬን ይዤ ኤድመንተን እገባለሁ፤ እርሱ የት ይሄዳል?

ደግሞ አንድ ነገር ተረስቷል። አልማዙ ያልቃል። የስናፕ ሌክ ማዕድን በ2008 ተከፍቶ በ2015 ተዘጋ፤ የሰባት ዓመት ዕድሜ! ዳያቪክም የምርቱ ማብቂያ ተብሎ የተያዘው 2026 ነው። ከተማችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው፤ ቤት ልሽጥ አልሽጥ፣ ልቆይ ልሂድ። ታክሲ ውስጥ የማልሰማው የለም። በ20 ዓመት የሚያልቅ ሀብት ላይ የተመሠረተ ከተማ በየ20 ዓመቱ አንድ ጊዜ ይጨነቃል።

---

የሰሜን ተራራ ልጅ (ደባርቅ)

ታዲያ ጠባቂዎቹ ምን ይሠራሉ? በእኛ አገር ስካውት ማለት ጠመንጃ ይዞ ከቱሪስት ፊት የሚሄድ ነው።

---

የበረዶ ሾፌር

ኒ ሃትኒ ዴኔ ይባላሉ፤ ምድርን የሚመለከቱ ማለት ነው። በ2008 ነው የጀመሩት፤ ልብ በሉ፣ ስምምነቱ ከመፈረሙ 11 ዓመት በፊት። ማንም ሳይፈቅድላቸው። መንግሥት እስኪፈርም አልጠበቁም፤ እየጠበቁ ተደራደሩ። (ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱንም ማለቴ ነው።)

በበጋ በጀልባ ይዞራሉ። ዓሣውን ይለካሉ፣ የውኃ ናሙና ይወስዳሉ፣ የጎብኚ ጀልባ ይመዘግባሉ፣ የቆሻሻ ቦታ ያጸዳሉ፣ ወጣቶችን አብረው ያሠለጥናሉ። ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የቦታ ስም በካርታ ያሰፍራሉ። ሎክሃርት ወንዝ ላይ ፓሪ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ ለእነርሱ የተቀደሰ ነው። የፏፏቴዋ እመቤት አለች፤ በየዓመቱ ሕዝቡ ታማሚውን ይዞ፣ ሕፃኑን አዝሎ እዚያ ይሰበሰባል። ጸበል ማለት ትችላላችሁ፤ እኔ እንዲያ ነው የገባኝ።

ገንዘብ ነክ ለሆነው ጥያቄ፦ የዓሣ ማጥመጃ ሎጅ ገዝተዋል፤ ድንጋይ ቆጣሪ የቀለደበትን ማለት ነው። የራሳቸው 35 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተክለው መብራቱን ለግዛቲቱ የኃይል ድርጅት ይሸጣሉ፤ ትንሽ ነው፤ በናፍጣ መንደር ውስጥ ግን ትንሽ የለም። በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ፤ ከካናዳ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

---

አወያይ

የኮንዶሚኒየሙን ጉዳይ ያስቀጠሉ አራት አስተያየቶችን ወደሚመለከታቸው ክር አዛውሬአለሁ። ዘሪሁን፣ ዕጣው ይውጣልህ።

---

ሒሳብ አዋቂ

እሺ፣ ስሌቴን ላርም፤ ግን በራሴ መንገድ።

የተሳሳትኩት 15 ደመወዝን ከማዕድን ደመወዝ ጋር ማወዳደሬ ነው። ማወዳደር የነበረብኝ ከዕድሜው ጋር ነው። ስናፕ ሌክ ሰባት ዓመት ከፈለ። ዳያቪክ 20 ዓመት ከጥቂት። ዋናው ያልተነካ ፈንድ ግን ማብቂያ የለውም። 15 ደመወዝ በ100 ዓመት 1,500 የደመወዝ ዓመት ነው። ይህ የባንክ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ሆኖ ሳለ ለምን መጀመሪያ እንዳልታየኝ እኔም ይገርመኛል። ሰሜን ስለተባለ ይሆናል፤ ባዶ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር።

ደግሞ ነገሩ ከአንድ መንደር አልፏል። በኅዳር 2024 በዚያው ግዛት 23 የነባር ሕዝቦች መንግሥታት ከፌዴራሉ፣ ከግዛቲቱና ከለጋሾች ጋር የ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርመዋል፤ 300ው ከፌዴራል መንግሥት፣ 75ቱ ከለጋሾች። በሉትሰልኬ የተሞከረው መንገድ ነው የሰፋው።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ለጋሽ ይደክመዋል። መንግሥት ይለወጣል። ፈንዱ በአክሲዮን ገበያ ነው የሚያድገው፤ ገበያው ሲወድቅ የጥበቃ ጀልባው ቤንዚን ይቀንሳል ማለት ነው። ከአልማዝ ዋጋ ጥገኝነት ወጥተው የቶሮንቶ አክሲዮን ገበያ ጥገኛ መሆናቸው እንዳይሆን።

---

ድንጋይ ቆጣሪ

ይህ ስጋት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ልጨምር፦ ዓለም መዳብና የባትሪ ማዕድን እየፈለገ ነው፤ ወደዚያው የማዕድን አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል መንገድ ይሠራ የሚል ዕቅድ አለ። አሁን ያለው መንገድ በሐይቆች በረዶ ላይ የሚሠራ ነው፤ ከየካቲት እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቆይና ይቀልጣል። ቋሚ መንገድ ከተሠራ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሉትሰልኬ እምቢ ማለት ትችላለች?

---

የበረዶ ሾፌር

ከድንበሯ ውጪ ስለሆነው ብቻዋን እምቢ ማለት አትችልም። ያም ሆኖ እምቢታዋ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ ኩባንያ በላይኛው ቴሎን ተፋሰስ ስክሪች ሌክ በሚባል ቦታ ዩራኒየም ለመፈለግ ጠየቀ። ጥቂት ጉድጓድ ለመቆፈር ብቻ ነበር፤ ማዕድን ለመክፈት እንኳ አይደለም። የሉትሰልኬ ሰዎች ያንን ምድር እግዚአብሔር የጀመረበት ቦታ ብለው ነው የሚጠሩት። በገምጋሚው ቦርድ ፊት ቀርበው ይህንን ተናገሩ። ቦርዱ የኬሚስትሪ ጉዳት አልቆጠረም፤ በባህልና በመንፈስ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከፍ ያለ ነው፣ ሊስተካከልም አይችልም ብሎ ፈቃዱ እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። ሚኒስትሩ ተቀበለ። እኔ ይህንን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

---

ወለተ መንዝ

ጋሽ ሾፌር፣ አንድ ያልተመለሰልኝ አለ። ከውጭ የመጣውን መከላከል ሁሉም ያውቃል። የገዛ ሰው ሕግ ሲጥስስ? የእኛዎቹ ቤት ያቃጥሉ ነበር፤ የልጅ ልጅ እስኪረሳው ድረስ ማንም አይደግምም። ጠመንጃ የሌለው፣ የማሰር ሥልጣን የሌለው ጠባቂ የአጎቱን ልጅ ምን ያደርገዋል? ጓደኛዎን ይጠይቁልኝ።

---

የበረዶ ሾፌር

ይቅርታ ቆየሁ፤ እርሱ ለገበያ ወደ ከተማ እስኪመጣ ጠብቄ ነው። ትናንት ከአውሮፕላን ማረፊያ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ዕቃ አጣቢነቱን ከተወ ቆይቷል፤ አሁን በበጋ ከጠባቂዎቹ ጋር ነው።

ጥያቄሽን እንዳለ ነገርኩት፤ ቤት የማቃጠሉን ጭምር። ሳቀ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ጀልባውን ስናይ አጠገቡ እናርፋለን። እሳት እናነዳለን። ሻይ እናፈላለን» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ስለ አያቱ እናወራለን። እዚያ ቦታ ላይ አያቱ እንዴት ያጠምድ እንደነበር።»

«ሻዩ ባይበቃስ?»

«ሌላ ሻይ።»

ሲወርድ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ሰጠሁት። በዚህ ዓመት የሚያደርቀው የሙስ ሥጋ ነው፤ ሙስ ማለት ትልቁ የጫካ አጋዘን ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ እንዲወፍር እስከ መስከረም እጠብቃለሁ ብሎኛል።

---

ሒሳብ አዋቂ

ሻዩን በበጀቱ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። 14 ደመወዝ በሉት።